የሞኝ ቅጠል፦ በመተማ ማሳ ውስጥ የማትጠፋው የርጅላ ታሪክ

ለመሆኑ አረም ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ያገኙትን ገበሬ ቢጠይቁ «ሳልዘራው በቅሎ ማሳዬን የሚሻማኝ ነዋ!» ይልዎታል። ልክ ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ መልሱ ስለ ገበሬው ፍላጎት ነገረን እንጂ ስለ ተክሉ ምንም አልነገረንም። አንድን ተክል አረም የሚያሰኘው ሥሩ ወይም ቅጠሉ አይደለም፤ ሰው ለእሱ ያለው አመለካከት ነው። አመለካከት ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ታሪክ አለው።

ይህንን ነገር ዛሬ በአንዲት ትንሽ ተክል በኩል እናየዋለን። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ መተማ ውስጥ፣ በሰሊጥ መስመሮች መካከል በቅላ ስትገኝ ተነቅላ ትጣላለች። ድንበሩን ተሻግረው ሱዳን ቢገቡ ግን ይህችው ተክል ታጥባ፣ ተከትፋ፣ ከሥጋና ከምስር ጋር ተሠርታ ገበታ ላይ ትቀርባለች። ፀሐዩ አንድ ነው፤ ጥቁሩ አፈርም አንድ ነው፤ ተክሏም አንዲት ናት። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አስቀድመን እንተዋወቃት። ሳይንሳዊ ስሟ ፖርቱላካ ኦሌራሲያ ነው። ሱዳናውያን ርጅላ ይሏታል፤ እኛም እዚህ በዚሁ ስም እንጠራታለን። መሬት ለመሬት ተዘርግታ የምታድግ፣ ግንዷ ቀላ ያለና ለስላሳ፣ ቅጠሏ ትንሽ ግን ወፍራም የሆነ ተክል ናት። ቅጠሏን በጣትዎ ጨፍልቀው ቢያዩ ውሃ ይወጣል። በዚህ ጠባይዋ ከእንዳሁላ፣ ከሬትና ከቁልቋል ጋር ትመደባለች፤ ሁሉም ውሃ በአካላቸው የሚያከማቹ ተክሎች ናቸው። አበባዋ ቢጫ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አምስት ቅጠሎች አሉት። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይከፈታል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይዘጋል። ረፋዱን ያላየ ሰው «ይቺ ደሞ አበባ አላት እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም።

ስሟ ውስጥ ያለው አድራሻ

አንዳንድ ጊዜ የተክልን ታሪክ ከስሟ መጀመር ይሻላል። ርጅላ በድሮ አረብኛ ሌላም ስም አላት፤ «አልበቅላ አልሐምቃእ»። ወደ አማርኛ ስንመልሰው የሞኝ ቅጠል እንደማለት ነው፤ እንዲያውም ሞኟ ቅጠል ራሷ ናት። ምን አደረገች ብለው ሞኝ አሏት? የድሮ የቋንቋ ሊቃውንት የሰጡት ማብራሪያ የሚገርም ነው፤ ጎርፍ በሚወርድበት ቦይና ሰው በሚረግጠው መንገድ ላይ ስለምትበቅል ነው። ልባም ተክል ከሆነች ጎርፍ በሚወስዳት ቦታ ምን አስቀመጣት? ርጅላ የሚለው ቃልም ራሱ በጥንቱ አረብኛ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ያመለክታል።

እንግዲህ ይህ ስድብ ሳያስበው አንድ ትልቅ የሳይንስ መረጃ አቆይቶልናል፤ የተክሏን የተፈጥሮ መኖሪያ። ርጅላ የምትወደው ጎርፍ ጠርጎት የሄደ ባዶ መሬት፣ የወንዝ ዳር አሸዋና ደለል፣ ከብት የረገጠው ሜዳ ነው። ረጃጅም ሣርና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ጥላ የሚያጠላበት ቦታ አይስማማትም። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው፣ አዲስ የተገለበጠና ባለቤት የሌለው የሚመስል አፈር ትፈልጋለች።

ሁለተኛው ስሟ ደግሞ ተቃራኒውን ይነግረናል። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለተክሎች ስም ሲያወጣ (ከዚህ በኋላ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኦሌራሲያ» አላት። በላቲን «የጓሮ አትክልት» ማለት ነው። ይህንኑ ቅጽል ለጥቅል ጎመንም ሰጥቶታል፤ የጥቅል ጎመን ሳይንሳዊ ስም ብራሲካ ኦሌራሲያ ነው። ስለዚህ በሳይንስ መዝገብ ላይ ርጅላና ጥቅል ጎመን ሁለቱም የጓሮ አትክልት ተብለው ተጽፈዋል። አንዱን ገንዘብ ከፍለን እንገዛለን፤ ሌላዋን በዶማ እናሳድዳታለን።

የመጀመሪያ አገሯ የት ነው ለሚለው ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የሰብሎችን አመጣጥ ያጠናው የስዊዘርላንዱ አልፎንስ ደ ካንዶል ከእስያ ምዕራባዊ ክፍል አካባቢ እንደተነሳች ያምን ነበር። ወደ አሜሪካ የወሰዷትም አውሮፓውያን ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። በ1975 ግን ሁለት ተመራማሪዎች በካናዳ ክሮፎርድ በተባለ ሐይቅ ወለል ደለል ውስጥ ከኮሎምበስ በፊት የነበረ የርጅላ ዘር ማግኘታቸውን አሳወቁ። ቀድማቸው ደርሳ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ሞቃትና መካከለኛ አየር ባለባቸው የዓለም ክፍሎች ሁሉ ትገኛለች። በምሥራቅ አፍሪካም ከጥንት ጀምሮ የምትኖር ነዋሪ እንጂ የትናንት እንግዳ አይደለችም።

ለርጅላ የተሠራ የሚመስል አገር

አሁን ወደ መተማ እንውረድ። ከጎንደር ከተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስተው ወደ 700 ሜትር አካባቢ ይወርዳሉ። ጃኬትዎን መንገድ ላይ ማውለቅዎ አይቀርም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃሎ ይወርዳል። ቀሪው ዓመት ደረቅ ነው።

የመሬቱ የተፈጥሮ ልብስ የቆላ ጫካ ነው፤ በበጋ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች፣ ከሥራቸው ረጃጅም ሣር፣ በየዓመቱ ሣሩን የሚበላ እሳት። የእጣን ዛፍም የዚህ አገር ልጅ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃው እግር አያስነሳም፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። በዚህ ምድር ላይ እንደ ጓንግና ሽንፋ ያሉ ወንዞች ይወርዳሉ። ጓንግ ወደ ሱዳን ሲገባ አትባራ ሆኖ ከናይል ጋር ይቀላቀላል። ክረምት ሲሆን ወንዞቹ ሞልተው ዳራቸውን ይጠርጋሉ፤ በጋ ሲሆን ይሸሹና ኩሬ ኩሬ ሆነው ይቀራሉ። ውሃው ሲሸሽ ያ ርጅላ የምትወደው ባዶ የደለል መሬት ይገለጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። በዚህ ወንዝ ዳር የኖረው ተክል ብቻ አይደለም። በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ሽንፋ–መተማ 1 ስለተባለ የቁፋሮ ቦታ ዘግቧል። በኢንዶኔዥያ የሚገኘው የቶባ እሳተ ገሞራ ከ74,000 ዓመት በፊት ፈንድቶ ነበር። ከዚያ ፍንዳታ የመጣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ በመተማ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። በዚያው ንጣፍ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የእንስሳትና የዓሣ አጥንቶች ተገኙ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት አየሩ ይበልጥ ሲደርቅ ሰዎቹ ወንዙን ትተው አልጠፉም፤ በየኩሬው የታጨቀውን ዓሣ በብዛት መብላት ጀመሩ። በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ለእነሱ መኖሪያም መንገድም ነበር።

ስለዚህ «የመተማ በረሃ» እያልን ባዶ አገር አድርገን የምንናገርለት ቦታ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በችግር ጊዜ ያለውን ሁሉ አይቶ መርጦ የበላበት ቦታ ነው። ይህንን ይያዙልን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ተጓዦች ምን አዩ?

መተማና ጋላባት መንትያ ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች። አካባቢው በጎንደር ዘመን ራስ አል ፊል እየተባለ ይጠራ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በዚሁ በኩል ወደ ሰናር ሄዷል። ብሩስና ከእሱ ጋር የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የኢትዮጵያን ተክሎች በሥዕል አስቀርተዋል፤ ኮሶ፣ እንሰት፣ ቁልቋል፣ ዋንዛ ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ባሉጋኒ ራሱ ቆላውን ሳያይ በ1771 ጎንደር ላይ አረፈ።

በ1862 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር መተማ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ቦታው ትልቅ ገበያ ነበር፤ ከደጋው ቡናና ሰም ይወርዳል፣ ከሱዳን ጥጥና ሌላ ሸቀጥ ይመጣል፣ በሚያሳዝን ሁኔታ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነስተው በመንገድ የቀሩ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች እዚያ ሰፍረው ያርሱ ነበር። የደጋ ሰው፣ የሱዳን አረብ፣ ተክሩር፣ ጉሙዝ፤ ሁሉም ከነምግቡና ከነቋንቋው እዚህ ይገናኛል።

ከቤከር ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1865፣ ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት ጋላባትና መተማ ላይ ተክሎች ሰበሰበ። በዚያ ስብስብ ምክንያት የአካባቢው ስም ሳይንስ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ለምሳሌ ክሎሮፊተም ጋላባተንሴ የምትባል አበባ አለች፤ «የጋላባቷ» ማለት ነው። በየቤቱ በተንጠልጣይ ዕቃ የምትተከለው ረጃጅም ቅጠል ያላት አበባ ዘመድ ናት።

እነዚህን ተጓዦች ያጓጓቸው አዲስ ነገር ነው። አዲስ ተክል ያገኘ ሰው ስም ያወጣል፤ ስም ያወጣ ሰው ይታወሳል። ርጅላ ግን ሊኒየስ አስቀድሞ ስሟን አውጥቶላታል፤ በየአውሮፓው ጓሮም ትበቅላለች። ክብር የምታስገኝ ተክል አልነበረችም። የታሪክ መጻሕፍትም የመተማን ስም የሚያነሱት በሌላ ጉዳይ ነው፤ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁበት ስፍራ በመሆኑ። ከተማዋም መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእሳቸው ነው። ከዚያም በ1902 ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ተወሰነ፤ ጋላባት ወደዚያ፣ መተማ ወደዚህ ሆኑ።

ውሉ ሰዎችንና ከተሞችን ከፋፈለ። ተክሎችን ግን ማን ጠየቃቸው? ርጅላ ያኔም በሁለቱም ወገን ነበረች፤ አሁንም አለች።

አንድ ተክል፣ ሁለት ማዕድ

ታዲያ ለምን በአንዱ ወገን ምግብ፣ በሌላው አረም ሆነች? የኛ ግምት ሦስት ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው የአትክልት ባህል ነው። በሱዳን የናይል ዳር ሕዝብ ጎርፍ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ አትክልት መዝራት የቆየ ልማዱ ነው። ርጅላ ደግሞ የደለል ልጅ ናት፤ ሳትዘራም ትበቅላለች፤ ሲዘሯትም ትስማማለች። ከግብፅ እስከ ሶርያ ባለው አገር ሁሉ የምትበላ በመሆኗ ከአረብኛው ጋር የመጣ የወጥ አሠራርም አላት። ስለዚህ ለሱዳኗ እናት ርጅላ ማለት ሙላህ ማለት ነው፤ ወጥ።

ሁለተኛው የኛ የደጋዎቹ ታሪክ ነው። «ጎመን በጤና» እንላለን። ተረቱ ጎመንን ያመሰገነ ይመስላል፤ ልብ ብለው ሲያዩት ግን ጎመን የማጣት ምግብ መሆኑን አስቀድሞ ያመነ አነጋገር ነው። ከጓሮ የሚቆረጠው ጎመን እንዲህ ከተባለ፣ ከዱር የሚለቀም ቅጠልማ ምን ሊባል ነው? በኢትዮጵያ በብዙ ቦታ ዱር ቅጠል መልቀም ከረሃብ ዘመን ጋር ተያይዟል። ሰው ሲጨንቀው ይበላዋል፤ ጥጋብ ሲመጣ ስሙን ማንሳት እንኳ ያፍራል። እንዲህ እየሆነ እውቀቱ በአንድ ትውልድ ውስጥ ይጠፋል።

ሦስተኛው የእርሻው ዓይነት ነው። የደጋው ሰው ቆላውን ለረጅም ጊዜ በወባው ምክንያት ይሸሸው ነበር። በሱዳን በኩል በገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር ማረስ የተጀመረው በ1940ዎቹ ነው። በኛ በኩል በሁመራና በመተማ ቆላዎች ሰፋፊ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ተስፋፉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋው ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ቋራ ወርዷል። በየዓመቱም ለአረምና ለአጨዳ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ወደ ቆላው የወረዱት ሰሊጥ ለማምረት ነው። ሰሊጥ ለገበያ የሚቀርብ ሰብል ነው፤ ከሰሊጥ ውጪ ያለው ሁሉ ለእነሱ እንቅፋት ሆኖ ታያቸው። ለቀን ሠራተኛ ርጅላ የዕለት ሥራው ናት፤ ነቅሎ የሚጥላት።

አያስገርምም? ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ምግብ ሲነቅል ይውላል። ማታ ግን እራቱ ላይ አንድም አረንጓዴ ነገር ላይኖር ይችላል።

ሞኟ እንዴት ብልጥ ሆነች?

አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሌላው ጠውልጎ ርጅላ ለምን ትለመልማለች?

አንድ ተክል ምግቡን ለመሥራት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስገባት አለበት። ለዚህም በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፍታል። ችግሩ በር ሲከፈት የሚገባ ብቻ ሳይሆን የሚወጣም መኖሩ ነው፤ ውሃው ይተናል። በመተማ ፀሐይ ቀዳዳን ከፍቶ መዋል ማለት ቀስ በቀስ መድረቅ ማለት ነው። ዘግቶ መዋል ደግሞ መራብ ነው።

ተክሎች ለዚህ ጣጣ ሁለት ዋና ዋና መላዎች አበጅተዋል። አንደኛው ሲ4 ይባላል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና የኛው ጤፍ የሚጠቀሙበት ነው። ካርቦኑን መጀመሪያ በአንድ ዓይነት ሴል ይይዙና ወደ ውስጠኛው ሴል አከማችተው ያስገቡታል። እንዲህ ስለሆነ ቀዳዳውን ብዙ ሳይከፍቱ ብዙ ይሠራሉ፤ ሙቀትም አይበግራቸውም። ሰሊጥ ይህ መላ የለውም።

ሁለተኛው ካም ይባላል፤ የቁልቋል፣ የአናናስና የእንዳሁላ መላ ነው። እነዚህ ቀዳዳቸውን ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። በሌሊት የገባውን ካርቦን አሲድ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ሲነጋ በተዘጋ ቤት ይሠሩበታል። ይህንን ነገር በምላሱ ያወቀ ሰው አለ። ቤንጃሚን ሃይን የሚባል በሕንድ ይኖር የነበረ የእጽዋት ተመራማሪ የአንዲት የእንዳሁላ ዘመድ ቅጠል በጠዋት ሲቀምሰው ኮምጣጣ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ጣዕም የሌለው እንደሚሆን አስተውሎ ጻፈ፤ ጽሑፉ በ1815 ታተመ። ሌሊት የተጠራቀመው አሲድ ቀን ላይ ሥራ ላይ ስለሚውል ነው። ካም የሚለው ስምም የተወሰደው ከእንዳሁላ ቤተሰብ ሳይንሳዊ ስም ነው።

ለረጅም ጊዜ የታመነው አንድ ተክል ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይይዛል ተብሎ ነው። ርጅላ ግን ሁለቱንም ይዛ ተገኘች። በ1980 ካረን ኮክና ሮበርት ኬኔዲ የተባሉ ተመራማሪዎች ውሃ ስትጠግብ በሲ4 የምትሠራው ርጅላ ውሃ ሲቸግራት የካም ጠባይ እንደምታሳይ አሳዩ። ውሃ ሲመለስላት ደግሞ ወደ ቀድሞው ትመለሳለች። በ2022 በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ነገሩን እስከ ሴል ድረስ ወርዶ ተመለከተው። ሁለቱ መላዎች በየፊናቸው የሚሠሩ ሳይሆኑ በአንድ ዓይነት ሴል ውስጥ ተጣምረው ነው የተገኙት፤ በካም የተሠራው አሲድ በቀጥታ ለሲ4 ይቀርባል። ዛሬ ሳይንቲስቶች ድርቅ የሚችል በቆሎ ለመፍጠር ሲያስቡ ይህችን ተክል በጉጉት የሚመረምሯት ለዚህ ነው።

ጎርፍ በሚወርድበት ቦይ ላይ መቀመጧን አስታወሱ? ቦይ ማለት ዛሬ ውሃ፣ ነገ ደረቅ አሸዋ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ተክል የጥጋብም የችግርም ኑሮ ማወቅ አለበት። «ሞኝ» ያሰኛት መኖሪያ ነው ይህን ሁለት ዓይነት ኑሮ እንድትችል ያደረጋት።

ስንነቅላት እየተከልናት

ርጅላ ሌላም ጉድ አላት። ፍሬዋ ሲበስል ልክ እንደ ድስት ክዳን ከላይ ይነሳል፤ ከውስጡም ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ጥቁር ዘሮች ይፈሳሉ። አንዲት የፋፋች ተክል ከ200,000 በላይ ዘር ልትሰጥ እንደምትችል ተመዝግቧል። ዘሮቹ አፈር ውስጥ ተቀብረው ለአሥርተ ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ መሬቱ ሲገለበጥና ብርሃን ሲያገኙ ይበቅላሉ።

ይባስ ብሎ ነቅለው መስመር ላይ ቢጥሏት በቀላሉ አትሞትም። በግንዷ ውስጥ ባለው ውሃ እየኖረች አበባዋን ወደ ፍሬ ታደርሳለች። ዝናብ ካገኘች ደግሞ የተቆራረጠው ግንድ ሥር ያወጣል። በሐምሌ ጭቃ ላይ ርጅላን ነቅሎ እዚያው መጣል ብዙ ጊዜ መልሶ መትከል ነው። የሚያርም ገበሬ አንድ ምክር ከፈለገ ይኸውልዎት፤ ሳታብብ ይንቀሏት፣ ከማሳውም ያውጧት።

ነገሩን ሰፋ አድርገን ካየነው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይወጣል። ርጅላ በተፈጥሮዋ የወንዝ ዳር ተክል ነበረች፤ መኖሪያዋ ጎርፍ የሚጠርገው ጠባብ መሬት ነው። ጫካው ተመንጥሮ በየዓመቱ የሚገለበጥ እርሻ ሲሆን ያ ጠባብ መሬት ከአድማስ እስከ አድማስ ሰፋላት። በትራክተርም በዶማም የሠራነው ለእሷ ትልቅ የወንዝ ዳር ነው። በአንጻሩ የእጣን ዛፍ እየተመናመነ ነው። በ2012 በታተመ ጥናት በመተማና በአበርገሌ ከ4,000 በላይ የእጣን ዛፎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች አዳዲስ ችግኞች አድገው ዛፍ መሆን እንዳልቻሉ አዩ፤ ሁኔታው እንዲህ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶ ያህሉ ሊጠፉ እንደሚችሉም አስልተዋል። እሳት፣ ከብትና ነቀዝ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በአንድ መሬት ላይ አንዱ ሲሸሽ ሌላዋ ትሰፋለች። ማን እንደሚሸሽና ማን እንደሚሰፋ በአብዛኛው የሚወስነው የኛ ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

ርጅላን አቅፈን እንሳማት እያልን አይደለም። ለሰሊጥ ገበሬ እውነተኛ ተፎካካሪ ናት፤ ሰሊጥ በልጅነቱ አረም አይችልም። ግን ከማሳው መውጣቷና ከእውቀታችን መውጣቷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በ1986 አርቴሚስ ሲሞፑሎስና ኖርማን ሳሌም የተባሉ ተመራማሪዎች ርጅላ ከቅጠላ ቅጠሎች ሁሉ ለየት ያለ የኦሜጋ 3 ቅባት ምንጭ መሆኗን ጻፉ። 100 ግራም ትኩስ ቅጠል 300 እስከ 400 ሚሊ ግራም ያህል አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ይገኝበታል፤ ይህ ለቅጠል ብዙ ነው። ቫይታሚን ሲ፣ የቫይታሚን ኤ መነሻ የሆነው ቤታ ካሮቲን፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየምም አላት። ዓሣና ፍራፍሬ ውድ ለሆነበት ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ሳያውቁ አይዝለሉ። አንደኛ፣ ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ ከተረጨበት ሰሊጥና ጥጥ ማሳ የተለቀመ ቅጠል አይበላም። ሁለተኛ፣ ርጅላ ኦክሳሌት ስላላት የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ይጠንቀቅ፤ ለሌላውም ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይሻላል። ሦስተኛ፣ መሬት ለመሬት የሚሳቡና እሷን የሚመስሉ መርዛም ተክሎች አሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ግንዷን ሲሰብሩት ነጭ ወተት ከወጣ ርጅላ አይደለችም፤ ይጣሉት።

የዚህ ጉዳይ ክብደት በቅርቡ ይበልጥ ታይቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሺህ ሰዎች በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው፤ በኋላም በአካባቢው ባለው የጸጥታ ችግር ብዙ ተሰቃዩ። ተቀባዩም ሕዝብ ቢሆን የሰላም እጦት ያደከመው ነው። ከተሻገሩት መካከል ርጅላን በሙላህ የሚያውቋት እናቶች ይኖራሉ። እነሱ አሠራሩን ይዘው በመጡበት አገር ተክሏ በየመስመሩ ተነቅላ ተጥላለች። እውቀቱና ቅጠሉ አንድ መሬት ላይ ተገናኙ፤ የቀረው የሰዎቹ መነጋገር ነው።

በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት በፊት የነበሩትን ሰዎች አንርሳ። ያተረፋቸው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ዙሪያቸውን አይተው ምን እንደሚበላ ማወቃቸው ነው። እንዲህ ያለ እውቀት በመጽሐፍ ብዙ አይገኝም፤ ያለው በእናቶችና በአያቶች ዘንድ ነው፤ የረሃብ ዘመን ትዝታ ነው ተብሎ ስለሚታፈርበትም ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ አያትዎን ወይም ያሳደጉዎትን ሰው ይጠይቁ፤ ያቺን ወፍራም ቅጠልና ቢጫ አበባ ያላትን፣ ስትነቀል የማትሞተውን ተክል በልጅነታቸው ምን ይሏት ነበር? ይበሏትስ ነበር? ስሟን ከነሰፈሩ በወረቀት ያስፍሩት።